ለተኩስ ሜዳ መጀመሪያ የሚታየው ከኢላማው ጀርባ ያለው መሬት ነው

ወንድሜ፣ «ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚበቃ የኢላማ ተኩስ ሜዳ በእኛ በኩል ቢታሰብ ድሬዳዋ ይሻላል ወይስ ሐረር? ከውድድሩ በኋላስ እንዴት ይቆያል?» ብለህ ጠይቀሃል። ለዓመታት ምልምሎችን ኢላማ ተኩስ ያስተማርኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

እኔ ድሬዳዋን እመርጣለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ ስለሆነ መሣሪያና ጥይት ይዞ የሚመጣ ቡድን ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሳይወጣ ሜዳው ይደርሳል። የሐረር አየር ለተኳሽ ይመቻል፤ ዙሪያዋ ግን የገበሬ ማሳ ነው፤ ለስፖርት ተብሎ ገበሬ ሲነሳ ማየት አልፈልግም።

ፀሐይን አደራ። በ50 ሜትር የጠመንጃ ኢላማ ላይ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ፀሐይ ዓይኑን የወጋው ተኳሽ አያገኛትም። አውሮፓ ውስጥ ሜዳውን ወደ ሰሜን ማዞር ይበቃል፤ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ ከጀርባ ናትና። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የውድድሩ ወር ሳይታወቅ አቅጣጫ አይቆረጥ። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞርማ ጨርሶ አይታሰብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አስተምርበት የነበረው ሜዳ የተዘጋው አርጅቶ አይደለም። ጥይት ከሚቀበለው የአፈር ክምር ባሻገር መጀመሪያ አንድ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ቀጥሎ ሌላ። አንድ ጠዋት በመነጽር ስመለከት የሕፃናት ልብስ የተሰጣበት ገመድ አየሁ። ተኩሱን አስቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ አልተተኮሰም። ቤት የሠሩትን አልወቅስም፤ መሬቱ ወሰን አልነበረውም።

እንግሊዞች በቢዝሊ እ.ኤ.አ. በ1890 የከፈቱት ሜዳ የ1908ቱን ኦሊምፒክ አስተናግዶ ዛሬም ይተኮስበታል። ለ2012 ኦሊምፒክ ግን እሱን ትተው ለንደን ውስጥ ዎሊች ላይ ጊዜያዊ ሜዳ ሠሩ፤ ውድድሩ ሲያበቃ ፈረሰ። እኔ በዚህ እቆጫለሁ። ፈረንሳዮች የ2024ቱን ውድድር ከፓሪስ አርቀው ሻቶሩ ወደሚገኘው ብሔራዊ የተኩስ ማዕከላቸው ወሰዱት። ልክ አደረጉ፤ በዘወትር ልምምድ የማይኖር ሜዳ በአንድ ሳምንት ውድድር አይኖርም።

ጥይቱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት መሆኑም አይዘንጋ። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የ1998 ዓ.ም. የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ደግሞ ውሃ እዚህ አፈር ጠርጎ እንደሚሄድ አይጠይቅም። አፈሩ በየጊዜው እየተነፋ እርሳሱ ካልወጣ፣ ሜዳውም ከጎርፍ መሄጃ ካልራቀ ጉዳቱ ለልጆቻችን ይተርፋል።

ቦታ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ በክረምት፣ ከዝናብ ማግስት ሂዱ። ከኢላማው ጀርባ ያለው መሬትም ከመቀመጫው ወንበር በፊት የይዞታ ካርታ ይውጣለት።