የአዌቱ ውኃ ቱርካና ገብቶ የት ይደርሳል?

እህቴ፣ ልጅሽ «የጅማ ዝናብ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ከሆነ ሐይቁ ለምን ሞልቶ አይፈስም? ለምንስ ጨዋማ ሆነ?» ብሎ ስላፋጠጠሽ ነው የምመልሰው።

መንገዱ አጭር ነው፦ በጅማ ከተማ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ በቦዬ ረግረግ በኩል ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል፣ ግልገል ጊቤ ጊቤን፣ ጊቤም ወደ ታች ኦሞ ተብሎ ይጠራል። ኦሞ ከጅማ ከፍታ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ያለው ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫው ሰማይ ብቻ ነው።

ልጁ ራሱ ያስላው። የሐይቁን ስፋት 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የዓመቱን ትነት 2.3 ሜትር አድርጎ ይያዝ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 1 ሺህ ሳይሆን 1 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነው። ሲባዛ 16.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል። በሐይቁ ላይ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1.4 ቢሊዮን ነው። ቀሪውን 14.7 ቢሊዮን ወንዞች መሙላት አለባቸው፤ ከዚህም አብዛኛውን፣ ከመቶ ከ80 በላይ፣ የሚያመጣው ኦሞ ነው። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ ሲሞላ የሚይዘውም እንዲሁ 14.7 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ግድብ በየዓመቱ ይተናል ማለት ነው!

አካባቢው የደረቀው ቆላ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍታዎች መካከል እንደ ቦይ ተጨምቆ ስለሚፈጥን እርጥበቱን ሳያዘንብ ያልፋል፤ ትነቱንም ያባብሳል። ኬንያውያን 365 የነፋስ ተርባይን እዚያ የተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨዋማነቱ ላይ ልጅሽ ትንሽ አጋኗል። በሊትር 2.5 ግራም ያህል ነው፤ የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም አለው። ውኃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፣ ሶዳውም ይበዛል፤ ፍሎራይዱ ጥርስና አጥንት ስለሚጎዳ ለመጠጥ አይመከርም። እንደ ሙት ባሕር ያልሆነው ግን ከ5 ሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ በበዛበት ዘመን ሐይቁ ሞልቶ ወደ ናይል ይፈስ ስለነበር ነው፤ የቆየው ጨው ያኔ ታጥቧል።

ካርታ ሲስል ዳርቻውን በአንድ መስመር ቆልፎ አያስቀምጠው። በሰሜን፣ ኦሞ ደለሉን በሚያራግፍበት በኩል፣ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው። ተዳፋቱ በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ቢሆን፣ ሐይቁ 1 ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው 1 ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤ ሲጨምር ደግሞ በዚያ የሚኖሩትን የዳሰነች ሕዝብ መንደሮች ያጥለቀልቃል። በደቡብ ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገደል ስለሆነ ያው 1 ሜትር ልዩነት ብዙም አይታይም።

የጊቤ 3 ግድብ ሐይቁን ያሳንሰዋል በሚል የሚነሳው ክርክር ሁለት ነገር፣ ግድብንና መስኖን፣ ይቀላቅላል። ግድብ መሙላት ውኃውን ለጊዜው ነው የሚያስቀረው፤ ተርባይን አዙሮ ይለቀዋል። የሚጎዳው የጎርፉን ወቅት ነው፤ ጎርፉ ሲሸሽ በርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩት ሰዎች ያንን ሙላት ይጠብቃሉ። በመስኖ ለሸንኮራ የተወሰደው ግን አብዛኛው እዚያው ተንኖ ይቀራል፣ ለሐይቁ አይመለስም። ልጅሽ ሐይቁን ምን ሊያሳንሰው እንደሚችል ከተጠየቀ ከግድቡ ይልቅ መስኖውን ያስቀድም።