የወደቀው ዘር ከየት መጣ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከጎጃም የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ጠላት ሆነው ያወቅናቸው የገደል ሰዎች ቀድሞ በተራራ ላይ የመብራት ጠባቂዎች ሳሉ እንዴት እንደ ወደቁ ይተርካል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል። መልሱ እንዲህ ያለ ታሪክ ራሳቸው ለሚጽፉም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

*ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የምንገናኝ 11 አንባቢዎች ነን። ስድስታችን ከገጽ 40 ሳናልፍ አቆምን። አምስቱ ጨርሰው ወደዱት። እኛ «ይንዛዛል» ስንል እነሱ «ትዕግሥት የላችሁም» ይሉናል። ያቆምንበትን ክፍል ስሞች ቆጥረን ልከንላችኋል። ማን ነው ልክ?*

መልስ፦ የላካችሁት ዝርዝር ራሱ ፈርዷል። በ40 ገጽ ውስጥ 34 አዲስ ስም አለ፤ የሰው፣ የአገር፣ የሰይፍ፣ የአምላክ። ከእነዚህ ውስጥ እስከ ገጽ 40 ድረስ አንዳች ነገር የፈለገ፣ የከለከለ ወይም የሠራ ስንት እንደሆነ በሌላ ቀለም ክበቡበት። እኛ ስንቆጥር 5 ብቻ አገኘን። የቀሩት 29 አባት የልጅ ስም፣ ልጅ የልጅ ልጅ ስም እየሆኑ ያልፋሉ። አንባቢን ያደከመው እሱ ነው።

ትውልድ መቁጠር ግን በራሱ አሰልቺ ነገር አይደለም፤ ጎጃሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ርስት በዘር ቆጠራ ይገኝ በነበረበት ዘመን ተሟጋቹ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም እየቆጠረ ወደ ራሱ ሲወርድ፣ ሸንጎው አንዲት ስም እንዳታመልጠው ጆሮውን አቁሞ ይሰማ ነበር። አንድ ስም ከተዘለለ መሬቱ ይሄዳላ! በልብ ወለዱ ግን በእነዚያ 34 ስሞች ላይ የተንጠለጠለ ክርክር የለም። ምዕራፍ 6 ላይ ሁለት ወንድማማቾች ዋናውን መብራት ማን ይረከብ ብለው ይጣላሉ። የዘር ቆጠራው ከፊት ተነሥቶ እዚያ ውስጥ ቢገባና በሁለቱ አፍ ቢነገር፣ አንዱ ሌላው የዘለለውን ስም ቢያነሣበት፣ 3 ገጽ ይበቃዋል፤ የሚያቆምም አይኖርም።

ለስብሰባችሁ አንድ ነገር እንጨምር። ውይይት ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ያቆመበትን ወይም ሊያቆም የቃጣበትን ገጽ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ። አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ መጀመሪያ የተናገረው ሰው የሁሉንም አስተያየት ይጎትታል።

*ጥያቄ፦ የሞጣ መምህር ነኝ። መጨረሻው አስቀድሞ ታውቋል፤ ይወድቃሉ። ታዲያ አንባቢ ምን ፈልጎ 300 ገጽ ይገልጣል? ደግሞስ መውደቃቸው ለምን አላሳዘነኝም?*

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክን ምዕራፍ 6 ላይ ይክፈቱና ከልብ ወለዱ ምዕራፍ 9 ጋር ጎን ለጎን ያንብቡት። (ሙሉው የሄኖክ መጽሐፍ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የተገኘው የአራማይክ ቁርጥራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ ሲመለስ ነው አውሮፓውያን ሙሉውን ያገኙት።) በሄኖክ ከሰማይ የሚወርዱት መላእክት 200 ናቸው፤ ስማቸው «ትጉሃን» ነው፣ ነቅተው የሚጠብቁ ማለት። አለቃቸው ሰምያዛ ዘሎ አይወርድም፤ ይፈራል። እናንተ ሐሳባችሁን ትለውጡና የዚህን ትልቅ ኀጢአት ዕዳ ብቻዬን እከፍላለሁ ብሎ ይነግራቸዋል። እነሱ ደግሞ ማናቸውም እንዳያፈገፍጉ በመሐላና በእርግማን ይተሳሰራሉ። ከዚያ በኋላ ነው በአርሞንዔም ተራራ ላይ የሚወርዱት።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። መሐላው ያስፈለገው መመለስ ስለሚቻል ነው። ባይቻል ኖሮ ማን ማንን ያስምል ነበር? መጨረሻውን የሚያውቅ አንባቢ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ «ምን ይሆኑ ይሆን?» ማለቱን ትቶ «እዚህ ጋ ቢመለሱስ ኖሮ?» እያለ ይከተላል። ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ ከኀፍረታቸው የተነሣ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት አቅቷቸው ሄኖክን የምሕረት ልመና ጻፍልን ይሉታል። ልመናው ተጽፎ ይቀርባል፤ ተቀባይነት ግን አያገኝም። መጨረሻቸውን እያወቅን ልመናው እንዲሰማላቸው እንመኛለን።

በልብ ወለዱ ምዕራፍ 9 የሚሆነውስ? የተራራው ሰዎች ጠላት በጠጃቸው ውስጥ የጨመረውን መድኀኒት ጠጥተው ይተኛሉ፤ መብራቱ ይጠፋል፤ እርግማኑ ይወርዳል። ይህ መታለል ነው። የተታለለ ሰው ያሳዝናል፤ ነገር ግን ለመታለሉ ሌላ 200 ገጽ አያስፈልገውም፣ እሱ የወሰነው ነገር የለምና። እርስዎን ያላሳዘነዎት ይህ ይመስለናል። መጠገኛው ቀላል ነው። ጠጁ ይቆይ፤ ከጠባቂዎቹ አንዷ ግን ገና በመጀመሪያው ብርሌ ሽታውን ትለይ። ትለይና፣ ከጎኗ ያሉት እየሣቁ ሲጠጡ አይታ፣ ነገር ላለማበላሸት ብላ ትጠጣ። አንድ አንቀጽ ቢጨመር ምዕራፉ በሙሉ ይቀየራል።

*ጥያቄ፦ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ነኝ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት መላእክት እንዳልሆኑ፣ ደቂቀ ሴት (የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች) እንደሆኑ ተምረናል። ይህን የሚያምን ሰው እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ እንዴት ያንብበው?*

መልስ፦ እንዲያውም ልብ ወለዱ ከመላእክቱ ታሪክ ይልቅ አንተ ወደ ተማርኸው ይቀርባል። በገድለ አዳም እንደተጻፈው ደቂቀ ሴት በተቀደሰው ተራራ ላይ በንጽሕና ይኖራሉ፤ ከታች ከቃየል ልጆች ሰፈር የዘፈንና የመሣሪያ ድምፅ ወደ ላይ ይመጣባቸዋል። መጀመሪያ ይሰማሉ፣ ቀጥሎ ከገደሉ አፋፍ ሆነው ቁልቁል ያያሉ፣ በኋላ 100 ሆነው አብረው ይወርዳሉ። ሊመለሱ ሲሉ የተራራው ድንጋይ እሳት ይሆንባቸዋል። ተራራው፣ ገደሉ፣ ወደ ላይ መመለስ አለመቻሉ፣ ሁሉም በልብ ወለዱ ውስጥ አለ። የጎደለው ከታች የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ወደ ታች የሚጠራቸው ነገር የለም።

ስለ ሰምና ወርቅም ጠይቀኸናል። አንተ እንደምታውቀው ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁ ብቻውን ስብከት ይሆናል። ከምዕራፍ 20 በኋላ የገደሉ ሰዎች መብላት መጠጣታቸውን፣ መጋባት መጣላታቸውን ትተው የዛሬ ፖለቲካ ብቻ ይናገራሉ። ኅብሩ የጠፋው እዚያ ነው።

*ጥያቄ፦ ከቢቸና ነው የምጽፈው። በዚህ መጽሐፍ የወደቁት ሰዎች ሁሉ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዐይናቸው ሰው ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ። «ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስቆጣህ?» ይሉኛል። ምናብ ነው ወይስ ስድብ?*

መልስ፦ ስድብ ነው። ምናብ እንዳንለው ደራሲው ከራሱ የፈጠረው የለበትም። ባለ እጅን ቡዳ ማለት፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ማለት በአገራችን ሰው ከጋብቻና ከማዕድ ሲያስገልል የኖረ ሐሜት ነው። ባለ እጆች በሥራቸው እንዳይሰደቡ ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱትም ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የሚፈራ ገበሬ ምን ያህል ክፉ ነገር እንደወረሰ አስቡት። ደራሲው ይህን ሐሜት አንሥቶ ስሙን ብቻ ለውጦ አስገብቶታል፤ ቁጣዎ ተገቢ ነው።

«ከሄኖክ ነው የወሰድሁት» ማለትም አያድነውም። በሄኖክ ምዕራፍ 8 ላይ ከወረዱት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ሰይፍ፣ ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን፣ አምባርና ጌጥን፣ ዐይን መኳልን ለሰው ልጆች ያስተምራል። በምዕራፍ 10 ታስሮ በዱዳኤል በረሓ የሾለ ድንጋይ የሚጫንበት እሱ፣ አስተማሪው ነው። ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ መዶሻ የጨበጠ ሁሉ የተረገመ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። እንዲያ ቢሆን ኩል የተኳለች ሁሉ የገደል ሰው ልትባል ነው።

በኛው አገር ስለ ዛር አመጣጥ የሚነገረውን ተረት አለማየቱ ደግሞ ይቆጫል። ሔዋን 30 ልጆች ወለደች። እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ እሷ ፈርታ ያማሩትን 15 ደበቀቻቸው። «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የማያያቸው ተሰዋሪዎች ሆኑ ይባላል። የተደበቁት ልጆች ያጠፉት ነገር የለም፤ እንዲያውም ያማሩት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያደረጋቸው የእናት ስስትና ፍርሃት ነው። ልጆቿን ከዐይን የምትደብቅ እናት ደግሞ በየቤቱ አለች። እንዲህ ያለ መነሻ በእጅ እያለ ወደ ጅብ መሄድ ምን ይሉታል?

እንዲህ ያለ ታሪክ ለሚጽፉ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ሙያው የወደቁትም ያልወደቁትም ይሁን፤ በተራራው ላይም ያን መብራት የቀጠቀጠ አንጥረኛ መኖር አለበት። ከወደቁት መካከል ቢያንስ አንድ እንቢ ያለ ሰው ይኑር፤ እሱም አብሮ ይውረድ። ከሁሉ በላይ በገደሉ ውስጥ የተወለደ ልጅ «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ መጽሐፍ ልጁን አንድም ጊዜ አላስጠየቀውም። የሚመልሱት ሲቸግራቸው ይታይ፤ «ደማችሁ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ካለ ደግሞ እዚያው ታሪኩ ውስጥ የሚሟገተው ሰው ይምጣበት።

*ጥያቄ፦ ዳንግላ ያለሁ ጀማሪ ጸሐፊ ነኝ። በዚህ መጽሐፍ ገጽ 22 ላይ «ሐሮዓስ» የተባለው በገጽ 87 «ኃሮአስ» ሆኖ መጣ። ሁለት ሰው መስሎኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግሁ። የራሴን ስሞች ከዚህ እንዴት ልጠብቅ?*

መልስ፦ ያ ስም በፊደላችን በ48 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ይሆናል፤ 6 ነው። ሦስተኛው አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ይሆናል፤ 4 ነው። መጨረሻው ስ ወይም ሥ ነው። 6 በ4 በ2 ሲባዛ 48 መጣ። የታወቀ ቃል ቢሆን ዐይናችን ይለምደዋል፤ የተፈጠረ ስም ግን የሚያርመው የለም። በኮምፒውተር ስሙን ፈልገህ ለማረም ብትሞክር ደግሞ በሌላ ፊደል የተጻፈውን አያወጣልህም።

ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት በአንድ ደብተር ላይ እያንዳንዱን ስም አንድ ጊዜ ጻፈውና ከዚያ ሌላ አትጻፍ፤ ስሙን በእጅህ መተየብ ትተህ ከዚያ ገልብጠው። ከተቻለ ሀ፣ አ፣ ሰ እና ጸ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ሆነው እንዳይገናኙ አድርግ። «መርዶል» ቢሉት አንድ አጻጻፍ ብቻ አለው።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» የሚለውን ጠብቆ ወይም ላልቶ የምናነበው ዐረፍተ ነገሩን አይተን ነው። «ሰመሪ» የምትባል ንግሥት ብትፈጥር ግን «መ» ይጥበቅ ይላላ የሚነግረን የለም። ስሟ መጀመሪያ በሚመጣበት ገጽ ላይ ቤት በሚመታ ስንኝ ውስጥ ብታስገባው አንባቢው ሳይነገረው ይይዘዋል። ለቅሶ አውራጅ ወይም አዝማሪ አስገባና ስሙን በእሱ አፍ አስጠራው።

*ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። በምዕራፍ 17 አንዲት አሮጊት በየንጋቱ የጠፋ መብራት ክር ትከረክማለች። ምንም አይከሰትም። 6 ገጽ ሙሉ! ቢወጣ መጽሐፉ አይሻልም?*

መልስ፦ በዚህ አንስማማም። ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ብቻ አቆዩ ብንባል የምናቆየው እሱን ነው። ገደል ከወረዱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዘይት የለም፣ እሳት የለም። እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ትነሣና በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ የደረቀውን ክር ጫፍ ትቆነጥጣለች፤ ጣቷን ታያለች፤ ጥላሸት የለበትም፤ ግን በቀሚሷ ጠርዝ ትጠርገዋለች። በገደሉ የተወለደው የልጅ ልጇ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያያል፤ በማግስቱ እሱም ጣቱን ይጠርጋል፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ዘሩ ምን እንደነበረና ምን እንዳጣ ከእነዚያ 34 ስሞች በላይ ይህ ልጅ ነገረን።

መቆረጥ ያለበት የምዕራፉ የመጨረሻ አንቀጽ ነው፤ ደራሲው ጣልቃ ገብቶ መብራቱ የተስፋ ምልክት መሆኑን የሚያስረዳበት፣ 7 መስመር።