«መጀመሪያ እንደግ፣ ጽዳቱ ይደርሳል» ላላችሁኝ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «ቻይና መጀመሪያ አደገች፣ ከዚያ አየሯን አጸዳች፤ እኛስ ምን አስቸኮለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁጥሩ እውነት ነው፦ የቤጂንግ ደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) በ2013 እ.ኤ.አ. በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ አየር 89.5 ማይክሮግራም ነበር፣ በ2021 ወደ 33 ወርዷል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በፊት የባከነው ጊዜ ነው።

በ2000ዎቹ በከሰል የሚሠሩ የቻይና ኃይል ማመንጫዎች ሰልፈር ማጠቢያ ማማ ተከሉ፤ ከጭሱ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ አየር ላይ ወደ ደቃቅ ብናኝ የሚለወጠውን ጋዝ፣ የሚይዝ ነው። ተተከለ እንጂ ብዙው አይሠራም ነበር። ማጠቢያው ጣቢያው ከሚያመነጨው ኃይል ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ይበላል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ጭሱ ማማውን በሚያልፍ ቱቦ (ማለፊያ ቱቦ) ሳይታጠብ ይለቀቅ ነበር።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ከላይ ይረጫል፣ ጭሱ ከታች ይመጣል፤ የተያዘው ሰልፈር አየር ሲነፋበት ጂፕሰም (ጀሶ) ይሆናል። ጣጣው ጥበቃው ላይ ነው። የብጥብጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 መሀል መቆየት አለበት። ከዚያ ከወረደ ጋዙን መያዝ ያቅተዋል፤ ካለፈ ዱቄቱ ሳይሟሟ ይባክናል፣ ቅርፊት ሠርቶም የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል። ይህን ሌት ተቀን የሚከታተል ሰው ከሌለ ማማው ሐውልት ነው።

በ2007 የወጣው የመንግሥት ደንብ ለታጠበ ኃይል በኪሎዋት ሰዓት 0.015 ዩዋን ጭማሪ እንዲከፈል፣ ማጠቢያው ለቆመበት ጊዜ ደግሞ ጣቢያው እንዲቀጣ አደረገ። ከ2005 እስከ 2010 ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እያደገ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ 14 በመቶ ያህል ቀነሰ። ታዲያ «መጀመሪያ» እና «በኋላ» የሚባለው የቱ ጋ ነው?

ክትትሉም ቢሆን ይሸወዳል። በ2016 በቻይናዋ የሺአን ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ሹማምንት ራሳቸው የአየር መለኪያውን አፍ በጥጥ ክር ወትፈው ተገኙ፤ በ2017 ተፈረደባቸው። እናንተ ደግሞ ስልካችሁ ላይ የአየር ጥራቱ አረንጓዴ ካሳየ አለቀ! በጠያቂነትስ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ብቻ ቁጥር ሲሆን ቶሎ ታምናላችሁ።

እንዲህ ያለ ጣቢያ ስትገቡ ከስክሪኑ በፊት የሚዛን መዝገቡን ጠይቁ። 1 ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለመያዝ 1.6 ቶን ያህል ንጹህ የኖራ ድንጋይ ይገባል፣ 2.7 ቶን ያህል ጂፕሰም ይወጣል። ኮምፒውተሩ «100 ቶን ያዝኩ» ብሎ በር ላይ የተመዘነው ጂፕሰም 90 ቶን ከሆነ፣ መጋዘን የቀረም ከሌለ፣ የተያዘው ከተባለው ሢሶው ነው። የቀረውን የማለፊያው ቱቦ መዝጊያ መቼ መቼ እንደተከፈተ አይታችሁ ድረሱበት።