የፓርቲዎች ልዩነት ለክርስቲያን ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የምርጫ ነገር ሲነሳ ከባልደረቦቼ ጋር እንጨቃጨቃለን። አንዱ «ሁሉም ያው ናቸው፤ የሚለያዩት በስም ነው» ይላል። ሌላው «የኛን ልጅ ነው መምረጥ፤ ሌላው ወሬ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ «የሚሾመውም የሚሽረውም እግዚአብሔር ነው፤ አንተ ጸሎትህን አድርስ» ትለኛለች። ለመሆኑ የፓርቲዎች ልዩነት ክርስቲያንን ይመለከተዋል? ብመርጥስ በምን ልለይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አዎ፣ ልዩነታቸው ይመለከትሃል። ስለ መፈክሩና ስለ ቲሸርቱ ቀለም አይደለም የማወራህ። ሥልጣን ሲይዙ በባልንጀራህ ኑሮ ላይ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ማወቅ አለብህ። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የተባልነው ድምፅ በምንሰጥበት ቀንም ጭምር ነው።

እናትህ ያሉት እውነት ነው። ነቢዩ ዳንኤልም «ነገሥታትን ያፈልሳል፥ ነገሥታትንም ያስነሣል» ብሏል። ግን ጸሎት ምርጫን አያስቀርም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች በዕለቱ እርዳታ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ነገሩን አላድበሰበሱትም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እናንተው ምረጡ አሏቸው። ከተመረጡ በኋላ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ጸሎቱም ምርጫውም አንድ ላይ ነበሩ።

«ሁሉም ያው ናቸው» ለሚለው ባልደረባህ ስለ ሰሎሞን ልጅ ስለ ንጉሥ ሮብዓም ንገረው። ሕዝቡ ወደ ንጉሡ መጥቶ «አባትህ ያከበደብንን ቀንበር አቅልልልን» አለው። ሽማግሌዎቹ አቅልልላቸው ብለው መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ደግሞ ጨምርባቸው አሉት። ንጉሡ ያው አንድ ሰው ነው፣ ዙፋኑም ያው ነው። የተለያየው ምክሩ ብቻ ነው። እሱ የአብሮ አደጎቹን ምክር ስለሰማ ግን አሥሩ ነገድ ተገነጠለ፣ አገር ለሁለት ተከፈለ።

በኛ አገርም እንዲሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይህ ይቀጥል የሚል ፓርቲ አለ፤ ይቀየር የሚልም አለ። ለቃሉ ወረዳ ወይም ለኩታበር ገበሬ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። የክልሎች አከፋፈል በቋንቋ ላይ ይቁም ወይስ ይለወጥ የሚለውም ከወሎ ወጥቶ ሌላ ክልል ለሚኖር ወንድምህ የኑሮ ጥያቄ ነው። ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ እየኖረ ፖለቲካ ምን አገባኝ የሚል ሰው ይገርመኛል። በ2013 ክረምት ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቃይ ተሞልተው አልነበረም ወይ? በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ ደጃችን ገባ። ሰላምን በንግግር እፈልጋለሁ በሚልና በጉልበት እፈልጋለሁ በሚል መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ እኛ በደንብ እናውቃለን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «የኛን ልጅ» የሚለው ነገር እኔንም በጣም ያሳስበኛል፤ በየቡናው የምሰማው እሱን ነውና። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9ን ከባልደረቦችህ ጋር አንብቡት። የጌዴዎን ልጅ አቤሜሌክ ወደ እናቱ ወገኖች ወደ ሴኬም ሄዶ «የአጥንታችሁ ፍላጭ የሥጋችሁ ቁራጭ ነኝ» አለ። ምን እንደሚሠራላቸው አንድም ቃል አልነገራቸውም። እነሱም «ወንድማችን ነው» ብለው ልባቸውን ሰጡት። ከጣዖት ቤት ሰባ ብር አውጥተው ሰጡት፤ እሱ በገንዘቡ ወሮበላ ቀጠረበት። ሰባውን ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው፤ ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በል። ሦስት ዓመት ከገዛ በኋላ ያችኑ ሴኬምን አፈረሳት፣ ጨው ዘራባት፣ ግንብ ውስጥ የተጠለሉትን አንድ ሺህ ያህል ወንድና ሴት በእሳት ፈጃቸው። «ወንድማችን ነው» ያሉትን ሰዎች ማለት ነው።

ዘመድህ መልካም ሰው ከሆነና የያዘው ሐሳብ ትክክል ከሆነ ምረጠው፤ ማን ይከለክልሃል? ዘመድነቱን ብቻ ይዞ ከመጣ ግን ገና ምንም አላቀረበም።

በምን ልለይ ላልከው፣ የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ፣ ማለትም ቢመረጡ ምን እንደሚሠሩ የጻፉትን፣ አግኝና ለአንተ ኑሮ ቅርብ የሆነውን ክፍል አንብብ፤ ሙሉውን ማንበብ የሚከብድ ከሆነ። ስለ ሥራና ደመወዝ ምን ይላል? ስለ መሬት፣ ስለ ሰላም፣ ከእኛ ውጭ ላለው ሕዝብስ? ይህን የመጨረሻውን አትዝለለው። አንዳንዱ ፓርቲ ለኛ መልካም ሆኖ ለሌላው ቀንበር የሚጭን ነው። ከዚያ ዕጩውን እይ። ዮቶር ለአማቹ ለሙሴ ሹማምንት ሲመርጥ የሰጠው መለኪያ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ የግፍን ረብ የሚጠላ የሚል ነው። በሠፈር ሲሠራ የእድር ገንዘብ በእጁ ገብቶ ያውቃል? እንዴት መለሰው? ይህን ጎረቤት ያውቃል፣ ጠይቅ።

ሰውዬው ጥሩ፣ ፓርቲው መጥፎ ከሆነስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። በተግባር ግን አብዛኛው ከፓርቲው ጋር ነው እጁን የሚያወጣው። ስለዚህ ሰውየውን ብቻ አይተህ አትወስን። ብቻውን እንኳ ቀርቶ «አይሆንም» የሚል ሰው መሆኑን ከሥራው ካየህ ግን ያ ትልቅ ነገር ነው።

የትኛውን ፓርቲ እንደምትመርጥ ከእኔ አትጠብቅ። በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ እገሌን ምረጡ የሚል አገልጋይ ብታገኝም የራሱን ሐሳብ እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ቃል አልነገረህም። ለድምፅህ ብር ወይም ጥቅም ቢሰጡህ አትቀበል፤ ኦሪት «ማማለጃ የዓይናማዎችን ዓይን ያሳውራል» ትላለች። ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው። ማንን እንደመረጥህ የመናገር ግዴታ የለብህም፣ ለአለቃህም ቢሆን።

ባልደረባህ ከአንተ የተለየ ቢመርጥ ክርክሩ ይኑር፣ ሰላምታው ግን አይቋረጥ። ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የምትተክለው፣ አስከሬን የምትሸከመው አንተ ነህ። ሙስሊም ጎረቤትህም እንዲሁ ነው፤ በወሎ ይህን ማስተማር አያስፈልገኝም።

አንብበህና ጠይቀህ አንዳቸውም ኅሊናህን ካላሳረፉት ጉዳታቸው የሚያንሰውን መምረጥ ትችላለህ። ድምፅ ባትሰጥም ኃጢአት ነው አልልህም። ስንፍና ሆኖ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትህ ንገር። የመራጭነት ካርድህን ቀድመህ አውጣ፤ ምዝገባው የሚያልቀው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ነው።