የታጠፈ የመሪ ባራ በእሳት ይቃናል?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሰርቦ ነው። ከሌላ ገበሬ የገዛኋት፣ 25 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ ትንሽ ትራክተር አለችኝ። የበቆሎ ማሳዬን ሳርስ፣ ሣር የሸፈነው የባሕር ዛፍ ጉቶ ግራ የፊት ጎማዋን መታት። አሁን ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊታቸውን ወደ ውጭ ከፍተው ይሄዳሉ፤ የሚያገናኛቸው ብረትም ጎብጧል። የሰፈራችን በያጅ «በእሳት አሙቄ ወዲያው አቀናዋለሁ» ይላል። የወንድሜ ልጅ ደግሞ «ካልተቀየረ አይንዷት» ይለኛል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የዘር ጊዜ ሊያልፈኝ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የወንድምዎን ልጅ ይስሙ፤ በያጁን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። በእጁ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። በርና አጥር አሳምሮ ይሠራ ይሆናል፤ መሪ ግን ሌላ ነገር ነው።

በእንዲህ ዓይነት ትራክተሮች ባራው፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ከፊት አክስሉ ኋላ ነው። ብረት ሲጎብጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ያጥራል። ያጠረው ባራ ደግሞ የሁለቱን ጎማዎች የመሪ ክንድ (ባራው የሚታሰርበትን አጭር ብረት) ወደ ውስጥ ይስባል፤ ኋላቸው ሲጠብ ፊታቸው ይከፈታል። የነገሩኝ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ባራውን ያጎበጠው ኃይል ወደ ባራው የደረሰው በግራው ጎማ ዘንግና ክንድ በኩል አልፎ ነውና፣ እኔን የሚያሳስበኝ በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው።

ትራክተሯን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። ፊቷን በክሪክ ካነሡ በኋላ ከአክስሉ ሥር ወፍራም ጣውላ ይደርድሩ። ክሪክ ብቻ አምኖ ሥር የሚገባ ሰው እኔ ጋራዥ አይሠራም። ከዚያ ግራውን ጎማ በእጅ እያሽከረከሩ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ሽቦ ይያዙ። ጠርዙ ወደ ሽቦው ቀረብ ራቅ የሚል ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል፤ ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተጎድቷል። ጎማው በትክክል እየዞረ ከቀኙ የተለየ ዘመም ያለ ከሆነ ግን የታጠፈው የተሰካበት ዘንግ ነው።

ክንዱን በሽቦ ብሩሽ አጥርተው ላምባ ይቀቡት፤ ጥቂት ይቆይ፤ በጨርቅ አድርቀው ጠመኔ ይሹበት። ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ላምባ ወጥቶ በነጩ ጠመኔ ላይ መስመር ይሠራል። ይህ ዘዴ እርጅናው አያሳፍረውም፤ ጥሩ ይሠራል።

ክንዱ ወይም ዘንጉ ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ ወሬ የለም፤ ይቀየራል። ብዙዎቹ ተቀጥቅጠው ከተሠሩ በኋላ በእሳትና በማቀዝቀዣ ጥንካሬ የተሰጣቸው ናቸው። በያጁ መልሶ ሲያቀላው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ለዓይን ቀጥ ያለ፣ ለሥራ ግን የላላ ብረት ይመልስልዎታል። ብየዳ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ብረት ሊያደርቀውና ሊያሰነጥቀው ይችላል፤ የሚሰበረውም ሲጠመዘዝ ነው።

ባራው ብቻ ከሆነ መንገድ አለ። እንደ ቀስት ለስለስ ብሎ ከጎበጠ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሹል ሆኖ ካልታጠፈና እጥፋቱ የብሎን ጥርሱ አጠገብ ካልሆነ፣ ያለ እሳት በፕሬስ ይቃናል። ብረት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከቀጥታው ጥቂት ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባልሉት፤ ከሥሩ ብርሃን እየታየ እየጠፋ ከሄደ ገና አልቀናም። እንዲህ የተቃና ባራ በማሳ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ዘሩን እስኪጨርሱ ያገለግል ይሆናል። ተጎታች አስረውና ሰው ጭነው ወደ ጅማ አስፋልት እንዲወጡበት ግን አልፈቅድም። ሰርቦ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ናት፤ ከፊትዎ የጭነት መኪና ሲመጣ መሪው እምቢ ቢልዎት የሚያርምልዎት የለም።

እኔ ብሆን ግን የጎበጠውን ይዤ ጅማ ቶርኖ ቤት እሄድ ነበር። ውፍረቱ ያው የሆነ ድፍን ብረት ላይ አዲስ ባራ ያወጡልዎታል። አንደኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ የግራ ጥርስ ስለሆነ ሁለቱንም ቴስቲኒዎች (ባራውን ከክንዶቹ ጋር የሚያያይዙትን የጫፍ መገጣጠሚያዎች) ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን ሳይሆን በልኩ ይቁረጡላቸው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ቢያቀርቡልዎት ወጥተው ሌላ ቤት ይግቡ።

ሲፈቱ መጀመሪያ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካውን ሽቦ) ያውጡ፤ ዳዶውን ላላ አድርገው ጥርሱ ላይ ይተዉት። መዶሻውን የክንዱ ዐይን ጎን ላይ ያሳርፉ እንጂ የቴስቲኒውን ጥርስ አይምቱ። ቴስቲኒው ወዲያና ወዲህ የሚል ወይም ላስቲኩ የተቀደደ ከሆነ አብሮ ይቀየር። ኮፒሊያ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ምስማር አጥፎ መሰካት ይቅር።

ካሰሩ በኋላ ትራክተሯን ከክሪክ አውርደው መሪውን ቀጥ ያድርጉ። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መርገጫ መሀል ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በማዕከላቸው ከፍታ ጠመኔ ምልክት አድርገው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ ወደ ኋላ እስኪዞሩ ትራክተሯን ወደ ፊት ገፋ አድርገው እንደገና ይለኩ። የፊቱ ልክ ከኋላው ማነስ አለበት። ትክክለኛውን ቁጥር የትራክተሯ መመሪያ ይነግርዎታል፤ በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ባራውን በማዞር ያስተካክሉና ማጥበቂያውን ያጥብቁ። ያን ጉቶ ደግሞ ከነሥሩ ያስወጡት፤ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው ይበቅላል።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ። መሪዬ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ሩብ ዙር ይዞራል። የመሪ ሳጥኑን ልፍታው?

መልስ፦ ገና ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ እርስዎ ከመሬት ሆነው እያንዳንዱን ቴስቲኒ በእጅዎ ጨብጠው ይሰማዎት። የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ወይም የአክስሉ መሀል ፒን ላይ ነው። ቴስቲኒው ደህና ከሆነ ወደ ቦኮላው (ዘንጉ ወይም ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ይሂዱ፤ ሳጥኑ የመጨረሻው ይሁን። ግራሶ መስጫው ጭቃ ከደፈነው ደግሞ ጥርጊያውን አስቀድመው፣ ከዚያ ግራሶ ይስጡት።