ሰላምታ እየመለሳችሁ ሩጡ

"ከየት ነህ?" ይሉሃል። "ከኢትዮጵያ" ትላለህ። ወዲያው "ታዲያ ሯጭ ነሃ!" ይከተላል። ውጭ ሀገር ኖሮ ይህን ያልሰማ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም።

ክብር ነው፣ አልክድም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው፣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ለሁላችንም ስም ሆኗል። ግን ይኸው ስም ስንቱን ሰው ቤቱ አስቀርቶታል። "ኢትዮጵያዊ ሆኜ እንዲህ ስንፏቀቅ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?" እያለ ጫማውን ገዝቶ አልጋ ሥር ያስቀመጠ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ደፍሮ የወጣውም ከመጀመሪያው ቀን እንደ አትሌት ይነሳል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ጎኑን ይወጋዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል። "ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይመለሳል። በቃ፣ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኔ ቶሮንቶ ብዙ ዓመት ኖሬ ወደ ድሬዳዋ የተመለስኩ ሰው ነኝ። እዚያም ሮጫለሁ፣ እዚህም እሮጣለሁ። ልመክራችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላው ሩጫ ነው። ማንም ሰዓት ስለማይይዝበት፣ ማንም ስለማይሸለምበት፣ ስለ ሶምሶማ። በተለይ አሁን፣ ሰው ሁሉ በሥራና በሐሳብ በተወጠረበት ጊዜ።

እኛ ድሬዎች በሩጫ አልታወቅንም። ታላላቆቹን አትሌቶች ያወጡት በአብዛኛው አርሲና ሸዋ ናቸው፤ እኛ የኳስ ልጆች ነን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ከሰዓት በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ጥላ ፍለጋ ይገባል። መሮጥ የፈለገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ያኔም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው። ከሙቀቱ ጋር እልህ ተጋብቶ ያሸነፈ የለም።

ከዚራን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቀየሰ ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ ጥላ የጣለ። ጠዋት ጠዋት እዚያ የሚሮጡ አንድ አዛውንት አሉ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ነጭ ኮፍያ፣ ያረጀ ቱታ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ይነሱና በዛፎቹ ሥር ዱብ ዱብ ይላሉ። መንገድ የምትጠርገዋ ሰላም ትላቸዋለች። ባጃጅ ነጂው ሰላም ይላቸዋል። ዳቦ ገዝቶ የሚመለሰው ልጅ ሰላም ይላቸዋል። ለሁሉም ይመልሳሉ። ያውም ሙሉውን ነው፦ "እንዴት አደርሽ፣ ልጆች ደህና፣ እናትሽ ተሻላቸው?" እግራቸው አይቆምም፣ ሰላምታቸውም አይቆረጥም። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ አብሯቸው ልሩጥ ብሎ ጥሏቸው ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝ አደረጉት። "አቦ ቀስ በል! ሰላምታ መመለስ ካቃተህ ፈጥነሃል" አሉት።

ባለሙያዎቹም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እየተንቀሳቀሳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ለጤና የሚመከረው መካከለኛ ልክ ላይ ናችሁ። እናንተ ያላችሁበት ሰፈር ሰላም የሚላችሁ ከሌለ ለራሳችሁ ድገሙ። "አባታችን ሆይ"ን ወይም ፋቲሓን ሳትቆራርጡ መጨረስ ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ቀንሱ፣ ወይም በእግራችሁ ሂዱ። መራመድ ሽንፈት አይደለም። ለጀማሪ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንዲህ እያፈራረቁ ሃያ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። ከምንም ትንሽም ይሻላል የሚለውም ራሱ ድርጅቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የስደት ኑሮ ሐሳቡ አያልቅም። አንዱን ሥራ ጨርሶ ወደ ሌላው፣ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። ከዚያ ደግሞ ሀገር ቤት አለ። ሌሊት ስልክ ሲጠራ ልብ ይወርዳል፤ "ማን ሞተ?" ነው የመጀመሪያው ሐሳብ። ዜናው ሲከፋ ደግሞ እስኪነጋ ስክሪን ላይ ፈጦ ማደር አለ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው ሰውነት ነው። ቁጭ ባላችሁበት ልብ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልባል።

ሶምሶማ እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ያስገርመኛል። ስትሮጡም እኮ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል። ምልክቱ ያው ነው፤ ግን ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ስትቆሙ ደግሞ ቀስ ብሎ ሲረግብ ታዩታላችሁ። ይህ ሲደጋገም ሰውነት ልብ በመታ ቁጥር አደጋ መጣ ማለቱን ይተዋል። ሶምሶማ የጭንቀት ስሜትን እንደሚቀንስ በጥናትም የታወቀ ነው። ደስታውም የሚመጣው ከዚያው ነው። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ አትጠብቁት፣ ድካሙ ይበዛል። በኋላ ግን አንድ ቀን፣ ሳታስቡት፣ ትከሻችሁ ወርዶ፣ ፊታችሁ ተፈቶ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ፣ ኑሮ ካስጠላ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። እባካችሁ። በእኛ ዘንድ "አበደ" እንዳይባል ተብሎ የሚደበቅ ስንት ሕመም አለ። ሩጫ ከሕክምና ጋር ይሄዳል እንጂ ሕክምናን አይተካም። ደረታችሁን የሚያምማችሁ፣ የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ።

ስልኩን በተመለከተ ጠንከር ያለ ሐሳብ አለኝ። ይዛችሁ መውጣት ካለባችሁ ያዙት፣ በተለይ ብቻችሁን ከሆናችሁ፤ ግን ዳታውን ዝጉት። ለግማሽ ሰዓት ቫይበሩም ቲክቶኩም ይቆይ። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን ሰዓትም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ፍቱት። ዛሬ ስንት ሮጥኩ፣ ከትናንት ስንት ቀነስኩ እያላችሁ ለግሩፑ ፎቶ መላክ ከጀመራችሁ ሩጫውን ሦስተኛ ሥራ አደረጋችሁት። ሁለቱ አይበቋችሁም?

የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ከሥራ ወጥታችሁ እየደከማችሁ አትሩጡ፤ ተኙና ወደ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ውጡ። ክረምቱ ለሚጨልምባችሁ የምሳ ሰዓት ይሻላል፤ ያቺን ትንሽ ፀሐይ ታገኛላችሁ። ቶሮንቶ እያለሁ የኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ነበር መዳኛዬ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ከበረዳችሁ ልክ ለብሳችኋል፤ ሲሞቃችሁ ይስተካከላል። መሬቱ በረዶ ከሠራ ግን አትሞክሩት፤ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተራመዱ። በጨለማ የሚያብረቀርቅ ልብስ አትርሱ። ለሚጾሙትም አንድ ነገር ልበል፤ በረመዳን ከማፍጠሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በሁዳዴም ጾም ከመፍታቱ በፊት አጭርና ዝግ ያለ ሶምሶማ ለብዙዎች ይስማማል። ራስ ምታት ከመጣ አቁሙ።

ሰው ግን ያስፈልጋችኋል። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ብቻውን መሆን አይችልበትም። በርጫ፣ ጫት እየቃሙ መጨዋወቱ፣ ናፈቀኝ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኛውን ጊዜ የናፈቃቸው ወሬው ነው፣ ክቡ ነው። ያን ክብ በእግር ላይ መሥራት ይቻላል። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ሦስት አራት ሆናችሁ ቀን ቁረጡ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ሶማልኛውም ሐረሪውም እየተቀላቀለ፣ እንደ ሰፈራችን። የሀገሩን ሰው መተዋወቅ ለምትፈልጉ ደግሞ ፓርክረን የሚባል አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ ላይ የተጀመረ ነው። ዛሬ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ሌሎችም ብዙ ሀገሮች አለ። ቅዳሜ ጠዋት 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በነፃ። አንዴ መመዝገብ ብቻ ነው። ከሁሉ የምወድለት ነገር፣ ከኋላ ሆኖ የሚራመድ በጎ ፈቃደኛ መመደቡ ነው። እናንተ መጨረሻ አትሆኑም፤ ከእናንተ በኋላ ሁልጊዜ እሱ አለ።

ባሎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ብዙ እህቶቻችን መሮጥ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ልጅ የሚይዝላቸው ስላጡ ነው። በሳምንት ሁለቴ ልጆቹን ያዙና "ውጪ፣ ተናፈሺ" በሉ። ሂጃብ ለምትለብሱም ቀለል ያለ የስፖርት ሂጃብ እንደ ልብ ይገኛል፤ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ አትቅሩ።

ለዕረፍት ወደዚህ ስትመጡ ጫማችሁን ያዙ። ግን ሀገሩን አክብሩት። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ አትሩጡ፤ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሲታይ ይማርካል፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። በዝናብ ወቅት ግን አትውረዱበት። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ይኸው ወንዝ ነው። ሐረር ስትወጡ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተራመዱ። የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል ዙሩት። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ በየበሩ ቆም እያሉ ሰው ሰላም ለማለት የተመቸ ነው። ግን በደንብ ሳይነጋ አትውጡ፤ ሌሊቱ የጅቦቹ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በመኪና ውጡት። ጠመዝማዛ ነው፣ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ለእግረኛ የሚሆን ዳር የለውም። ስትጨርሱ ማር የፈሰሰበት ፈጢራ አለ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ቁጢ አለ፤ ያለ ሐሳብ ብሉ፣ ጠጡ።

ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጥሩ የሩጫ ጫማ እዚህ በጣም ውድ ሆኗል። ጠዋት በከዚራና በሳቢያን በነጠላ ጫማ የሚሮጡ ልጆች አሉ። ሶሉ ያልተበላ፣ እናንተ የማትለብሱት ጫማ ካለ አጥባችሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ከ38 እስከ 42 ያለው ቶሎ ባለቤት ያገኛል።