ሁለት ጥንድ ይዤ መቼ ላስይዝ?

ጥያቄ፦ ፖት ሊሚት ኦማሃ (በእጅ አራት ካርታ የሚያዝበት፣ ውርርዱም በፖቱ ልክ የሚገደብበት ፖከር) ስንጫወት መጨረሻ ላይ የምወስነው እኔ ነበርኩ። በእጄ ኬ፣ 9፣ 6 እና 5 አሉ፤ አንዱም ልብ አይደለም። ፍሎፑ (ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) የልብ ኬ፣ የልብ 9 እና የስፔድ 4 ሆነ። ፖቱ (መሃል ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ) 30 ዶላር ነው። ከፊቴ ያሉት ሁለቱም ቼክ ሲሉ (ሳያስይዙ ሲያልፉ) ሙሉ 30 አስያዝኩ። አንደኛው ወደ 120 አሳደገው፤ ካርታዬን ጣልኩ። መጣሌ ስህተት ነበር?

መልስ፦ መጣልዎ አያስነቅፍም፤ የተሳሳቱት ሲያስይዙ ነው። 30 ዶላር ሲያስቀምጡ ማን ሊከፍልዎ ይችላል? አንድ ኬ ብቻ የያዘው ይጥላል። የሚቀሩት ሦስት አንድ ዓይነት የሠሩትና ትልቅ ድሮው (ገና ያልተሟላ፣ ካርታ የሚጠብቅ እጅ) ያላቸው ናቸው። የልብ ኪው፣ የልብ ጄ እና ልብ ያልሆነ 10 የያዘ ሰው 17 አውት (እጁን የሚያሟሉለት ካርታዎች) አለው፦ ፍላሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት) የሚሠሩለት 9 ልብ፣ በዚያ ላይ አምስት ተከታታይ የሚሠሩለት ልብ ያልሆኑ 8 ኪው፣ ጄ እና 10። አሁን እርስዎ ቢቀድሙትም እስከ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ድረስ ሚዛኑ ወደ እሱ ያጋድላል። እርስዎን ወደ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነት ከአንድ ጥንድ ጋር) የሚያደርሱዎት 4 ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ በሁለት ካርታ የመምጣት ዕድላቸው 17 በመቶ ገደማ ነው። 120ውን ለማየት 90 ጨምረው 270 ለሚደርስ ፖት ሲታገሉ 33 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልግዎታል። ድሮው ላይ ካለ ሰው ጋር ከሆነ ይበቃዎታል፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከያዘው ጋር ግን አይበቃም፤ ገና ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) እና ሪቨር ላይ የሚከፈልም አለ።

ሁለት ተቃዋሚ ባለበት በዚህ ፍሎፕ ቼክ ይበሉ። አዎ፣ ነጻ ካርታ ይሰጣሉ። ልብ፣ ኪው፣ ጄ ወይም 10 ከመጣ ያለ ኪሳራ ይወጣሉ። ተርኑ 2 ቢሆንና እንደገና ቼክ ቢሉ ግን 20 ያስይዙ። ፍላሽ ብቻ የሚጠብቀው አሁን አንድ ካርታ ቀርቶታል፤ ከ44ቱ 9ኙ ማለትም 20 በመቶ አለው፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን 29 በመቶ ገደማ ይጠይቃል። ይህን እያወቁ ማስከፈል ነው ትርፉ። ከፍሎ ሪቨሩ ባዶ ከመጣ እንደገና አያስይዙ፤ ድሮው የከሸፈበት ሰው አይከፍልም፤ ካርታውን ማሳየት ይበቃል።

ተቃዋሚዎ አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ፍሎፑ ላይ 15 ማስያዝ ደህና ነው፤ አንድ ኬ የያዘም ይከፍላል። ከ6ና ከ5 ይልቅ የልብ አስ ከሌላ ልብ ጋር ቢኖርዎት ደግሞ ሦስት ሰው ቢኖርም ሙሉ ፖት ያስይዙ፤ ቢያሳድጉብዎት አይጥሉም። የልብ አስ ብቻውን ግን ፍላሽ አይሠራም። በኦማሃ ከእጅ ሁለት ካርታ፣ ከጠረጴዛ ሦስት የግድ ነው፤ ከሆልደም (በእጅ ሁለት ካርታ ብቻ የሚያዝበት ፖከር) የመጡ ተጫዋቾች ብዙ ገንዘብ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ካስያዘ በኋላ ከፍተኛው ማሳደጊያ እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ እሱ ያስያዘውን በ3 ያባዙ፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ፖት ይደምሩ። ፖቱ 100 ሆኖ 50 ቢያስይዝ 150 ሲደመር 100፣ ማለትም በጠቅላላ 250 ማስቀመጥ ይችላሉ። ከላይ የ30 ውርርድ 120 የደረሰውም እንዲሁ ነው።